ዝምታ የሚነቅዝበት አገር

በብሪታንያ የተሳሳተ የጋዝና የመብራት ሂሳብን ስለመሟገትና የክሬዲት መዝገብን ስለመጠበቅ ለሐበሻ ማኅበረሰብ አባላት የቀረበ ንግግር

ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አያለሁ። ከአንድ ፌስታል ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሰሜን ለንደን ውስጥ ማታ ማታ ቢሮ እያጸዱ የሚተዳደሩ አንዲት እናት አንድ ፌስታል ሙሉ ደብዳቤ ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ እስቲ ይህን እይልኝ» አሉኝ። ግማሹ ፖስታ ገና አልተከፈተም። የመጡት ስልክ በወር ክፍያ ሊወስዱ ሱቅ ገብተው «አይፈቀድልዎትም» ስለተባሉ ነው። የሰው ሳንቲም ነክተው የማያውቁ፣ በላባቸው ያደሩ ሰው ናቸው። ስልኩን ማጣታቸው አላንገበገባቸውም፤ ከኋላቸው የተሰለፈ ሰው እየሰማ መመለሳቸው ግን እንቅልፍ ነስቷቸዋል።

ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን ፖስታዎቹን በቀን በቀን ደረደርናቸው። መጀመሪያ የጋዝ ቢል፣ ቀጥሎ ማስታወሻ፣ ቀጥሎ በቀይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ። የመጨረሻው 2,300 ፓውንድ ይላል። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀን ተኝተው ማታ የሚሠሩ ሴት ናቸው። «እማማ፣ ለምን አልከፈቷቸውም?» ስላቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ «ዝም አይነቅዝም ብዬ ነዋ» አሉኝ።

ይህ ተረት አገራችን ላይ የተፈተነ ጥበብ ነው። ጎረቤት ሲቆጣ፣ አለቃ ሲገላምጥ፣ ዝም ያለ ሰው ነገር ያበርዳል። በሌላው ወገን ያለውም ሰው ስለሆነ ፊት አይቶ ያዝናል፣ ያፍራል፣ ሽማግሌ ይሰማል። እዚህ ቢል የሚልከው ኮምፒውተር ግን ዝምታን የሚተረጉመው በአንድ ቃል ነው፤ «አልከፈለም»። የፈራውም፣ የታመመውም፣ ቢሉ ስህተት መሆኑን እርግጠኛ የሆነውም እኩል አንድ መዝገብ ውስጥ ይገባሉ። ተቃውሟችሁ የሚታወቀው ስትጽፉትና ቀን ስታደርጉበት ብቻ ነው። ቢል የአንድ ወገን አቤቱታ ነው፤ ለአቤቱታ ደግሞ መልስ ይሰጣል።

ሙግት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እያሉ፣ ዋስ እየጠሩ ቀኑን ሙሉ ይከራከሩ ነበር። ወኔው አለን። የዚህ አገር ዳኛ የሚሰማው በወረቀት መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ዘግይተን ነው የምናውቀው።

ክሬዲት የሚባለውን ብዙ ሰው እንደ ፈተና ውጤት ያየዋል። ለእኔ የሚቀርበው ግን ተያዥ ነው። አገር ቤት ሥራ ስትቀጠሩ ወይም ገንዘብ ስትበደሩ «ተያዥ አምጡ» ትባላላችሁ፤ ስለ እናንተ የሚመሰክር፣ ስም ያለው ሰው ማለት ነው። እዚህ ተያዦቻችሁ ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ ኤክስፒሪያን፣ ኢኩዊፋክስ እና ትራንስዩኒየን። በአካል አያውቋችሁም። ባንኩ፣ የስልክ ኩባንያው፣ አንዳንዴም የጋዝና የመብራት ኩባንያው የነገራቸውን ይመዘግባሉ፤ አበዳሪ ሲጠይቃቸውም ያንኑ ይመሰክራሉ። ከምስክርነቱ ከባድ ከሆኑት አንዱ ዲፎልት የሚባለው ነው። ደንበኛው ውሉን አፍርሷል ማለት ነው፤ አንዴ ከተመዘገበ ስድስት ዓመት ይቆያል። ዕዳውን ብትከፍሉ «ተከፍሏል» ተብሎ ይጨመርበታል እንጂ ከመዝገቡ አይነሳም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ደህና ደህና ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነውና። «ክፉ አልይ፣ ልክፈለውና ልገላገል» ይላሉ። የተሳሳተ ዲፎልት ሲከፈል ዕዳው ይዘጋል፣ ምስክርነቱ ግን ይቀራል። እንዲያውም የራሳችሁ ክፍያ ዕዳውን እንዳመናችሁ ተደርጎ ሊጠቀስባችሁ ይችላል። ሐሰተኛ ምስክርነት የሚሻረው ሐሰት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው።

አሁን ወደ ቆጣሪው እንሂድ።

ቤት ስትገቡ ቢላችሁን አውጡና ከንባቡ አጠገብ ያለውን ምልክት ፈልጉ። ብዙ ኩባንያዎች በፊደል ይለዩታል። «ኢ» ከሆነ ግምት ነው። «ኤ» ከሆነ በትክክል የተነበበ ነው። «ሲ» ከሆነ ራሳችሁ የሰጣችሁት ንባብ ነው። ግምቱ የሚመጣው ከዚህ በፊት በቤቱ ከነበረው ፍጆታ ነው። ከእናንተ በፊት አምስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ይኖርበት ከነበረ፣ ኮምፒውተሩ የእነሱን ገላ መታጠቢያና የእነሱን ምጣድ ለእናንተ ያስባል። ስለዚህ ቤት የተረከባችሁ ቀን፣ ሻንጣ ሳይፈታ፣ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። ስትለቁም እንዲሁ። ካለፈው ተከራይ ዕዳ የሚለያችሁ ያ ፎቶና የኪራይ ውላችሁ ናቸው።

ቀጥሎ በቆጣሪው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ቢሉ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። በአፓርታማ ውስጥ ቆጣሪዎች አንድ ሳጥን ውስጥ ስለሚደረደሩ የእናንተ በጎረቤት ስም፣ የጎረቤት በእናንተ ስም የሚመዘገብበት ጊዜ አለ። መፈተኛው ቀላል ነው። የቤታችሁን ዋና ማጥፊያ አጥፉና ወርዳችሁ ቆጣሪውን ተመልከቱ። ቤታችሁ ጨለማ ሆኖ «የእናንተ» ቆጣሪ መቁጠሩን ከቀጠለ የሌላ ሰው እንጀራ እየተጋገረበት ሊሆን ይችላል። በቪዲዮ ቅረጹት።

የጋዝ ቆጣሪ ስህተት ግን ከሁሉም የረቀቀ ነው፤ የእኚያ እናት ችግርም እሱ ነበር። በዚህ አገር ሁለት ዓይነት የጋዝ ቆጣሪ አለ። አሮጌው በመቶ ኪዩቢክ ጫማ ይለካል፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት አሃዝ ያሳያል። አዲሱ በኪዩቢክ ሜትር ይለካል፤ አምስት አሃዝ ያሳያል። እኛ የምንከፍለው ግን በኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ኩባንያው ንባቡን ይመነዝረዋል። አሮጌው ቆጣሪ ከሆነ መጀመሪያ በ2.83 ያባዛል፣ ወደ ኪዩቢክ ሜትር እንዲመጣ። ከዚያ ለሁለቱም ዓይነት ለሙቀትና ለግፊት ማስተካከያ በ1.02264 ያባዛል። ቀጥሎ ጋዙ በያዘው የሙቀት ኃይል መጠን ያባዛል፤ ይህ ቁጥር ቢሉ ላይ ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜ 39 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በመጨረሻ ለ3.6 ያካፍላል።

አንድ ምሳሌ ወስደን እናስላው። ኪዩቢክ ሜትር የሚቆጥር ቆጣሪ ላይ 100 ተጠቀማችሁ እንበል፤ የሙቀት ኃይል መጠኑ 39.5 ይሁን። 100 በ1.02264፣ በ39.5፣ ለ3.6፤ ወደ 1,122 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። አሁን ኮምፒውተሩ ቆጣሪያችሁ አሮጌው ነው ብሎ ካሰበ ያቺን 2.83 ይጨምርባታል። ያው 100 ወደ 3,175 ይዘላል። በወረቀቱ ላይ ስህተት የሚመስል ነገር የለም፤ ንባቡ ትክክል ነው፣ ዋጋው ትክክል ነው፣ ድምሩ ትክክል ነው። ለአንድ ማድጋ ውኃ የሦስት ማድጋ እየከፈላችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም።

እማማ ቤት ሄጄ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ቆጣሪው አምስት አሃዝ አለው፣ ፊቱ ላይም የኪዩቢክ ሜትር ምልክት ተጽፎበታል። ከሁለት ዓመት በፊት ሠራተኛ መጥቶ አሮጌውን ነቅሎ አዲስ እንደተከለ አስታወሱ፤ «ሻይ እንኳ አፍልቼለት ነበር» አሉኝ። በኩባንያው መዝገብ ላይ ግን አሮጌው ቆጣሪ ነበር ያለው። ያን ምሽት እኚያ ሴት ያለቀሱትን ለቅሶ አልረሳውም። ውሸታም አለመሆናቸው በቁጥር ሲረጋገጥ ነው ያለቀሱት።

ሌሎችም ስህተቶች አሉ። ቀንና ሌሊት የተለያየ ዋጋ ባለው ቆጣሪ የሁለቱ ንባብ ይገለበጣል። በቀይ የተጻፉት ወይም ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች መነበብ ሳይኖርባቸው ይነበባሉ። አንዳንድ ስማርት ቆጣሪ ኩባንያ ስትለውጡ መልእክት መላክ ያቆምና ሳታውቁት በግምት ትኖራላችሁ። ለሁሉም መድኃኒቱ በየወሩ አንድ ፎቶ ነው።

አሁን ስለ ሕጉ። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የምናገረውም ስለ እንግሊዝ፣ ስለ ስኮትላንድና ስለ ዌልስ ነው። የጋዝና የመብራት ተቆጣጣሪው ኦፍጀም ይባላል። ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ደንቡ እንዲህ ይላል፤ ኩባንያው በራሱ ጥፋት በትክክል ሳያስከፍላችሁ ቆይቶ በኋላ ቢነቃ፣ ከ12 ወር በፊት ለተጠቀማችሁት መጠየቅ አይችልም። የሦስት ዓመት ውዝፍ ድንገት ቢመጣባችሁ ሁለቱ ዓመት ይወድቃል። ቆጣሪ አንባቢውን ደጅ እየዘጋ የመለሰ ወይም ቆጣሪ የነካካ ሰው ግን ይህን መብት ያጣል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። የ1986 የጋዝ ሕግና የ1989 የኤሌክትሪክ ሕግ እውነተኛ ክርክር ባለበት ሂሳብ ምክንያት መስመር መቁረጥን ይከለክላሉ። በ2023 መጀመሪያ፣ ኑሮ በተወደደበት በዚያ ክረምት፣ የዕዳ ሰብሳቢዎች በፍርድ ቤት ፈቃድ ሰው ቤት እየገቡ ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ በግድ ሲተክሉ ዘ ታይምስ ጋዜጣ አጋለጠ፤ ኦፍጀምም የካቲት ላይ ድርጊቱ እንዲቆም ጠየቀ። የታመሙና ሕፃን ያቀፉ ሰዎች በር ተከፍቷል። ከእነዚያ ቤቶች ስንቱ ክርክር ያለው ሂሳብ ነበረበት? ክርክሩ በጽሑፍ ካልተመዘገበ ፈቃዱን የሚሰጠው ዳኛ በምን ያውቃል?

ስለዚህ እንጻፍ። ስትደውሉም ሆነ ኢሜይል ስትልኩ «ኮምፕሌይንት» የምትለዋን ቃል በግልጽ ተናገሩ። «ጥያቄ አለኝ» ያለ ሰውና «ኮምፕሌይንት አቀርባለሁ» ያለ ሰው እኩል አይታዩም፤ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ለሁለተኛው ነው። የአቤቱታ ቁጥር ተቀበሉ። በስልክ የተባባላችሁትን ያንኑ ቀን በኢሜይል መልሳችሁ ላኩ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የደንበኛ ቁጥር፣ የቆጣሪው መለያ ቁጥር፣ የዛሬ ንባብ ከነፎቶው፣ ስህተቱ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ። ከሥር ይህን ሐሳብ ጨምሩ፦ ሂሳቡ ክርክር ያለበት ስለሆነ ጉዳዩ እስኪያልቅ ለዕዳ ሰብሳቢ እንዳይተላለፍና ለክሬዲት ኩባንያዎች እንደ ውዝፍ እንዳይነገር እጠይቃለሁ። ይህች ዓረፍተ ነገር የደብዳቤው ልብ ናት።

የማትከራከሩበትን ክፈሉ። ትክክለኛው ፍጆታችሁ በግምታችሁ ወር በወር 70 ፓውንድ ከሆነ፣ 70 ፓውንድ እየከፈላችሁ «ይህ የማምነው ክፍል ነው» ብላችሁ ጻፉ። ሙሉ በሙሉ ያቆመ ሰው እውነት ቢኖረውም ከሸሸ ሰው ይመሳሰላል። ዳይሬክት ዴቢትን በንዴት ተነሥቶ መሰረዝም አይበጅም፤ ያለፈ ክፍያ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዋጋችሁም ሊጨምር ይችላል። ኩባንያው በስህተት ከባንካችሁ ከወሰደ ባንኩ በዳይሬክት ዴቢት ዋስትና መሠረት ሊመልስላችሁ ይገባል።

ከስምንት ሳምንት በኋላ መፍትሔ ካልመጣ፣ ወይም ከዚያ በፊት ኩባንያው «ከዚህ በላይ የምንለው የለም» የሚል ደብዳቤ ከሰጣችሁ፣ ጉዳዩ ወደ ኢነርጂ ኦምቡድስማን ይሄዳል። ደብዳቤው ከተሰጠ 12 ወር ሳያልፍ ማመልከት አለባችሁ። ኦምቡድስማን የሚለውን ቃል አገራችን «ዕንባ ጠባቂ» ብላ ተርጉማዋለች፤ እኔ የበለጠ የሚያምር ትርጉም በሌላ ቋንቋ አላየሁም። አገልግሎቱ በነጻ ነው። ውሳኔውን እናንተ ከተቀበላችሁ ኩባንያው የመፈጸም ግዴታ አለበት፤ ካልተቀበላችሁ ፍርድ ቤት የመሄድ መብታችሁ አይነካም። ይቅርታ ማስጠየቅ፣ ቢል ማስተካከል፣ ካሳ ማስከፈልም ይችላል። በመንገዱ የሚረዳችሁ ብትፈልጉ ሲቲዝንስ አድቫይስ አለ።

አንድ ነገር ከልቤ ልለምናችሁ። የ11 ዓመት ልጃችሁን ስልክ አስይዛችሁ ስለ ዕዳ አታስተርጉሙ። ልጁ ቃሉን ያውቀዋል፣ ሸክሙን ግን አይችለውም። እናቱ ስትዋረድ በራሱ አንደበት ነው የሚሰማው። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከሌለ ከመካከላችን አንዱን ጥሩ።

ከፍርድ ቤት የመጣ ክስ ግን ከሌላው ደብዳቤ ሁሉ ይለያል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ መልስ ለመስጠት ያላችሁ ጊዜ 14 ቀን ነው፤ መቀበላችሁን በጊዜው ካሳወቃችሁ ወደ 28 ይረዝማል። መልስ ያልሰጠ ሰው ሳይሰማ ይፈረድበታል፤ በአንድ ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ ወይም ካልተሻረ ፍርዱም ስድስት ዓመት መዝገቡ ላይ ይቀመጣል።

«ከትልቅ ኩባንያ ጋር ማን ይችላል?» ለሚለኝ ሰው ሁለት መዝገብ አሳየዋለሁ። በ2006 አንዲት ነጋዴ ሴት ከብሪቲሽ ጋዝ ወደ ሌላ ኩባንያ ተዛወረች። ላልተጠቀመችበት ጋዝ ቢል መምጣቱን ቀጠለ፤ ጋዝሽን እንቆርጣለን፣ እንከስሻለን፣ ለክሬዲት ኩባንያዎች እናሳውቃለን የሚል ማስፈራሪያም ተከተለ። ጻፈች፣ ደወለች፣ ለኩባንያው ሊቀመንበር ሳይቀር ጻፈች። በመጨረሻ በ1997ቱ ትንኮሳን የሚከለክል ሕግ ከሰሰች። ኩባንያው ክሱ ገና ሳይሰማ እንዲሰረዝለት ጠየቀ፤ ደብዳቤዎቹን የላከው ኮምፒውተር ነው፣ እሷም ይህን ማወቅ ነበረባት አለ። በየካቲት 2009 የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን አልተቀበለም። ዳኛ ጄኮብ ኮምፒውተሩን የሚያዝዘውና መረጃ የሚያስገባለት ሰው መሆኑን፣ የሚደርሳትን ማስፈራሪያ የምታነበውም ሰው መሆኗን አስረዱ። ክሱ እንዲቀጥል ተፈቀደ። ልብ በሉ፤ እዚያ ያደረሳት በየጊዜው የጻፈችው ደብዳቤ ነው።

ሁለተኛው ከስኮትላንድ ነው፤ ነገሩ ስለ ጋዝ ባይሆንም ስለ ክሬዲት ነው። በታኅሣሥ 1998 አንድ ሰው አበርዲን ከተማ ውስጥ በብድር ላፕቶፕ ገዛ፤ የሚፈልገው ነገር እንደሌለው ሲያይ በማግሥቱ መለሰው፤ ለአበዳሪውም ውሉን እንደሰረዘ ነገረው። አበዳሪው ሳያጣራ ዲፎልት አስመዘገበበት። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በመጋቢት 2014 ተፈረደ፤ ዕዳ የለብኝም የሚልን ደንበኛ ለክሬዲት ኩባንያ ከማሳጣቱ በፊት አበዳሪው በአግባቡ የማጣራት ግዴታ አለበት ተባለ። የተፈረደለት ካሳ 8,000 ፓውንድ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ለፈጀ ሙግት ብዙ አይደለም። መርሁ ግን ለሁላችንም ቀረ።

ዲፎልቱ አስቀድሞ ከተመዘገበስ? ከሦስቱም ኩባንያዎች መዝገባችሁን አውጡ፤ በሕግ በነጻ ሊሰጧችሁ ይገባል። አንዱ ዘንድ ያለው ሌላው ዘንድ ላይኖር ስለሚችል ሦስቱንም። ስህተቱን ለክሬዲት ኩባንያውም ለጋዝ ኩባንያውም በአንድ ጊዜ ጻፉ። የክሬዲት ኩባንያው ምን እንዳደረገ በ28 ቀን ውስጥ ያሳውቃችኋል። የጋዝ ኩባንያው በመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት ለማረሚያ ጥያቄያችሁ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ለመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ ይከሰሳል። እምቢ ብለው ቢጸኑ እስከ 200 ቃል የሚደርስ የራሳችሁን ማብራሪያ መዝገቡ ላይ ማስጻፍ ትችላላችሁ። ይህ ብድር ያዘገያል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ማመልከቻውን ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያነበው ያደርጋልና። እኔ ግን ሰው ቢያነበው እመርጣለሁ።

እማማ ከዕንባ ጠባቂው ዘንድ ውሳኔ እስኪያገኙ አምስት ወር ገደማ ፈጀ። 2,300 የተባለው ዕዳ በትክክለኛው ቆጣሪ ሲሰላ ወደ 350 ፓውንድ ወረደ፤ እሱንም በየወሩ ከፍለው ጨረሱ። ስልኩን ያስከለከላቸው ዲፎልትም ተነሣ። ከሦስቱም ኩባንያዎች መዝገባቸውን አውጥቼ ስወስድላቸው አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ አስነበቡኝ። ከዚያ ተነሥተው ያቺኑ ፌስታል አመጡ። የመኖሪያ ፈቃዳቸውንና የልጆቻቸውን የልደት ወረቀት አሁን እዚያ ነው የሚያስቀምጡት፤ ሦስቱን ገጾች አጣጥፈው ከላይ አደረጓቸው። በሩ አጠገብ የቀን መቁጠሪያ ሰቅለዋል፤ በየወሩ መጀመሪያ ቀን ላይ በእጃቸው «ቆጣሪ» ብለው ጽፈውበታል።